ዳግማዊ ዓፄ ቴዎድሮስ

ዳግማዊ ዓፄ ቴዎድሮስ (የልደት ስማቸው ካሣ ኃይሉ፣ የፈረስ ስማቸው አባ ታጠቅ፤ 1811 – ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.) ከየካቲት 1847 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የነገሡ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ናቸው። የተወለዱት ዛሬ በምዕራብ ጎንደር ዞን ውስጥ በሚገኘው በቋራ ቆላ ነው። ዘመነ መሳፍንትን በማክተማቸው፣ በጋፋት ባስሠሩት መድፍና በመቅደላ ባደረጉት ፍጻሜ ይታወቃሉ። ከእሳቸው ጋር የሚነሣ ሌላም ጉዳይ አለ፤ እሱም በሁለት ዝርፊያ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ወደ መቅደላ፣ ከመቅደላም ወደ ለንደን የተጋዘው ወርቅና ብር ነው። የመጀመሪያው ዝርፊያ የንጉሡ ነው። የሁለተኛው የእንግሊዝ ጦር ሲሆን፣ ከጦሩ ጋር አንድ ትልቅ ተቋም፣ የብሪታኒያ ሙዚየም፣ የራሱን ሰው ልኮ ነበር። በዚህ ገጽ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ልጅነት

ካሣ የተወለደው ከአባቱ ከኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስና ከእናቱ ከወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ነው። የአባቱ ወገን የቋራ ባላባት ሲሆን፣ ዘመዱ ደጃዝማች ክንፉ ደምቢያንና ቋራን ይገዙ ነበር። አባቱ ቀድሞ በመሞቱ እናቱ ጎንደር ላይ በድህነት ኖራለች። ኮሶ ትሸጥ ነበር የሚባለው ወሬ ጠላቶቹ ሊያዋርዱት ሲፈልጉ ዕድሜውን ሙሉ የሚያነሡት ስድብ ሆኖ ቆይቷል።

ትምህርቱን የጀመረው በጣና አጠገብ በሚገኘው በጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ነው። ደጃዝማች ማሩ ገዳሙን ባጠቁ ጊዜ ሕፃናት ተማሪዎች ሲጎዱ እሱ አምልጦ ወደ ደጃዝማች ክንፉ ሄደ። በክንፉ ቤት የንባብ ትምህርቱን ከጦር ትምህርት ጋር ቀጠለ። ክንፉ በ1829 ዓ.ም. ከሱዳን ወሰን ማዶ የግብፅን ጦር ድል ያደረጉ ሰው ስለነበሩ፣ ካሣ ያደገው የወሰኑ ጉዳይ በየቀኑ በሚወራበት ግቢ ነበር። በዚያ ዘመን ሱዳንን ግብፆች ይገዙ ስለነበር አበሾች ቱርክ ይሏቸው ነበር።

ቋራና መተማ

የካሣን ጠባይ ለመረዳት ቆላውን ማወቅ ይጠቅማል። ከጎንደር በጭልጋ አድርጎ ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ መተማ ይደርሳል። መተማ ከኢትዮጵያ ወደ ስናር፣ ወደ ገዳሪፍና ወደ ከሰላ የሚሄዱ ሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙባት ገበያ ነበረች። ቡና፣ ሰም፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና ባሪያ ከዚህ ይወጣል። ጥጥ፣ ጨርቅና የማርያ ቴሬዛ ብር ከዚያ ይገባል። ይህ በቪየና የሚመታ የኦስትሪያ ገንዘብ በኢትዮጵያ ገበያዎች ሁሉ ስለሚታመን፣ መተማ አንዷ የብር መግቢያ በር ነበረች ማለት ይቻላል። ከተማዋን የሚያስተዳድሩት የተክሩር ሼኮች ለሁለቱም ወገን፣ ለጎንደርም ለግብፅም፣ ግብር በመክፈል ገበያቸውን ያቆዩ ነበር።

ክንፉ በ1831 ዓ.ም. ሲሞቱ የራስ ዓሊ እናት እቴጌ መነን አገሩን ወሰዱት። ርስቱን የተነጠቀው ካሣ ጫካ ገብቶ ሸፈተ። በቋራ በረኻ ነጋዴ እየጠበቀ ይዘርፍ ነበር፤ ይህን ወዳጆቹም ጠላቶቹም ይስማሙበታል። የሚለየው በምርኮው አጠቃቀም ነው። ከዘረፈው ለገበሬዎች ከፍሎ ማረሻ እንዲገዙና መሬት እንዲያርሱ ያደርግ እንደነበር ይነገራል። ወሬው የተጋነነ ቢሆን እንኳ ብዙ ሰው በዙሪያው እንደ ተሰበሰበ የሚያጠራጥር አይደለም። ነጋዴው ግን በዚሁ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ለገበሬው የተሰጠው ብር ከአንድ ሰው አህያ ላይ የወረደ ነው።

መነን በኃይል ሊያጠፉት ስላልቻሉ በማግባባት ሞከሩ። የልጃቸውን የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። ተዋበች ለማሰለያ የተላከች ብትሆንም ከባሏ ጋር ተዋዳ ለእሱ ወገነች። ካሣ በጥር 1839 ዓ.ም. ጎንደርን ያዘ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ መነንን ራሳቸውን ማርኮ በደጃዝማችነት ማዕረግና በቋራና በደምቢያ ግዛት ለወጣቸው።

በ1840 ዓ.ም. ወሰን ተሻግሮ ደባርቂ በተባለ ስፍራ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠመ። ምሽግና መድፍ የያዙት ወታደሮች ቁጥሩ የሚበልጠውን የካሣን ጦር በተኑት። ከዚህ በኋላ ካሣ ሠራዊቱን በሥነ ሥርዓት ማሰልጠንና መድፍ ማግኘት የዘወትር ሐሳቡ ሆነ። ጋፋት፣ ሴባስቶፖልና የአውሮፓ ባለሙያዎች ፍለጋው ሁሉ ሥሩ ከዚህ ሽንፈት ነው።

ወደ ዙፋን

ቀጣዮቹ ዓመታት የፈጣን ድል ዓመታት ናቸው። በኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ በሚያዝያ በጣቁሳ የራስ ዓሊን አጋሮች፣ በሰኔ ደግሞ በአይሻል ራስ ዓሊን ራሳቸውን አሸነፈ። በመጨረሻ የስሜኑን ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አድርጎ፣ ከሁለት ቀን በኋላ የካቲት 5 ቀን 1847 ዓ.ም. ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

ንጉሡ የባሪያ ንግድን ለማስቀረት፣ ወታደሩ ከገበሬው ነጥቆ ከመብላት ይልቅ ደመወዝ እንዲያገኝ ለማድረግና ሥልጣንን በአንድ ማዕከል ለመሰብሰብ ሞከሩ። ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ያስፈልጋል። ገንዘብና መሬት ካላቸው ክፍሎች ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የቀረው መሬት ለገበሬ ተሰጥቶ ይገበርበት የሚለው ውሳኔያቸው ከካህናቱ ጋር ክፉኛ አጋጫቸው። ከአቡነ ሰላማ ጋር የነበራቸው ግንኙነትም በጊዜ ብዛት ተበላሽቶ ጳጳሱ በመቅደላ ታስረው በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ እዚያው ሞቱ።

የጎንደር ዝርፊያ

በ1850ዎቹ አጋማሽ አገሩ ከእጃቸው መውጣት ጀመረ። ትግራይ፣ ወልቃይት፣ ላስታ፣ ሸዋና ጎጃም በየፊናቸው ዓመፁ። ግብር የሚከፍለው አገር ሲጠብ ሠራዊቱን የሚመግበው ምርኮ ብቻ ሆነ። ጎንደር ለዓመፀኞች አድልታለች ብለው የተቆጡት ንጉሥ ከተማዋን ከዚህ በፊትም አስበዝብዘው ነበር። በኅዳር 1859 ዓ.ም. ግን እንደገና ገብተው አርባ አራት ይባሉ ከነበሩት አብያተ ክርስቲያናት ከጥቂቶቹ በስተቀር ሁሉንም አስበዘበዙ፤ ከተማዋንም አቃጠሉ። የወርቅና የብር መስቀል፣ ጽና፣ ጽዋ፣ ዘውድ፣ ደወልና ወደ አንድ ሺ የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት በመጀመሪያ ወደ ደብረ ታቦር፣ ኋላም ወደ መቅደላ ተጋዙ።

ከተጋዙት መካከል በኋላ ዓለም ያወቃቸው የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ ይገኙበታል። ሁለቱም በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጎንደር የተሠሩ ሲሆኑ፣ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ዓፄ ኢያሱ ለደብረ ፀሐይ ቁስቋም ማርያም እንደ ሰጧቸው ይታመናል። ምንትዋብ የቋራ ተወላጅ ናቸው፤ በዘመናቸው ጎንደር ላይ ሥልጣን የያዙት ዘመዶቻቸው ቋረኞች ይባሉ ነበር። ስለዚህ የቋራ ሴት ለቤተ ክርስቲያን የሰጠችውን ወርቅ ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ የቋራ ሰው ወሰደው ማለት ነው።

ሌላው ንብረት ኵርዓተ ርእሱ የተባለው ሥዕል ነው። የእሾህ አክሊል የደፋውን ክርስቶስ የሚያሳየው ይህ ሥዕል ነገሥታቱ ሲዘምቱ ከጦሩ ፊት የሚሄድ፣ ሰው ሲምል የሚምልበት ነበር። ዳግማዊ ኢያሱ በእነዚሁ ምዕራባዊ ቆላዎች አልፈው ስናርን ሊወጉ በሄዱበትና በተሸነፉበት ዘመቻ (እ.ኤ.አ. 1744) ሥዕሉ ተማርኮ ነበር። የስኮትላንዱ መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እንደ ጻፈው የተማረኩት ቅዱሳት ንዋያት በ8,000 ወቄት ወርቅ ተቤዥተው ተመለሱ።

ቴዎድሮስ ንብረቱን ወደ መቅደላ ያጋዙት ለራሳቸው መንደላቀቂያ ብቻ አልነበረም። በአምባው ላይ ትልቅ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ለማቆምና ከመጻሕፍቱ ጋር ለማደራጀት አስበው እንደነበር ይነገራል። ሐሳቡ የጎንደር ካህናትን ኀዘን አልቀነሰም። በሕዝቡም ዘንድ ንጉሡን የሚያስጠላ ከዚህ የበለጠ ሥራ አልነበረም።

ደብዳቤውና እስረኞቹ

የእንግሊዙ ቆንስል ካፒቴን ካሜሮን ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላኩ ሽጉጦች ይዞ መጣ። ንጉሡም በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ወዳጅነትና የእጅ ባለሙያ የሚጠይቅ ደብዳቤ ለንግሥቲቱ ላኩ። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ መልስ አጣ። ካሜሮን ደግሞ ግብፆች በሚገዙት የሱዳን አገር ዞሮ በመተማ በኩል ተመለሰ። ጠላቶቻቸው ዘንድ ደርሶ ያለ መልስ የመጣው ቆንስል በ1856 ዓ.ም. ታሰረ፤ ሌሎች አውሮፓውያንም ተከተሉት።

የእንግሊዝ መንግሥት እስረኞቹን እንዲያስፈታ የላከው ሆርሙዝድ ራሳምን ነው። ራሳም የሞሱል ተወላጅ ሲሆን በነነዌ ቁፋሮ ለብሪታኒያ ሙዚየም ሠርቶ ብዙ የሸክላ ጽላት ያወጣ ሰው ነበር። ከምጽዋ ተነሥቶ በከሰላ በኩል በኅዳር 1858 ዓ.ም. መተማ ደረሰ፤ እዚያ የንጉሡን ፈቃድ ከጠበቀ በኋላ በጭልጋ አድርጎ ወጥቶ በጥር ወር ከንጉሡ ጋር ተገናኘ። አቀባበሉ ያማረ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ግን እሱም ከሁለት ጓደኞቹ ከዶክተር ብላንክና ከሌተናንት ፕሪዶ ጋር እስረኛ ሆነ።

የናፒየር ዘመቻ

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚያዘው ጦር ከሕንድ በመርከብ ዙላ ላይ ወረደ። ወታደሩ 13,000 ያህል ሲሆን ተከታዩ ሕዝብ ከዚያ እጥፍ ይሆናል፤ መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖችም ነበሩ። ጦሩ በመንገዱ እህልና ሣር እየገዛ የሚከፍለው በማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። ገበሬው ይህን ገንዘብ ስለሚያምነው ስንቅ አልጎደለውም።

ቴዎድሮስ በበኩላቸው በጋፋት ያሠሩትን 7 ቶን ያህል የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በሺዎች ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገዱን በራሳቸው እጅ ጭምር እየጠረጉ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ወሰዱት። ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ በእሮጌ ሜዳ በተደረገው ውጊያ ወደ 700 የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን ሲሞቱ ከእንግሊዝ ወገን 20 ያህል ሰው ቆሰለ፤ ከእነሱ የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። ሴባስቶፖል አልሠራም። ንጉሡ እስረኞቹን ለቀቁ፤ ለፋሲካም ለናፒየር ከብትና በግ ላኩ። ናፒየር ግን እጃቸውን እንዲሰጡ ጠየቀ። ሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞች አምባውን ሲወጡ ቴዎድሮስ ንግሥት ቪክቶሪያ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ።

የመቅደላ ዝርፊያና የብሪታኒያ ሙዚየም

ወታደሮቹ ወደ ግቢውና ወደ መድኃኔ ዓለም ግምጃ ቤት ገቡ። የንጉሡ ልብስ ከሬሳቸው ላይ ተቀደደ፤ ፀጉራቸው እንኳ ለማስታወሻ ተቆረጠ። ወርቅ፣ ብር፣ ዘውድ፣ መስቀል፣ ሐር፣ ምንጣፍና ብራና በተራራው ላይ ተበትኖ እንደ ነበር ከጦሩ ጋር የነበሩት ጋዜጠኛው ሄንሪ ስታንሊና የጂኦግራፊ ሰው የነበረው ክሌመንትስ ማርካም መዝግበዋል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው መጥቀስ ግድ ነው። ሪቻርድ ሪቪንግተን ሆምስ የብሪታኒያ ሙዚየም የብራና መጻሕፍት ክፍል ባልደረባ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በአጋጣሚ አይደለም፤ ዘመቻው ሲታሰብ የሙዚየሙ አስተዳዳሪዎች ሰው አብሮ እንዲሄድ መንግሥትን ጠይቀው፣ የዘመቻው አርኪዮሎጂስት ተብሎ ተመደበ። በሌላ አነጋገር ጦሩ ገና ሳይነሣ ከድል በኋላ የሚገኘውን የሚሰበስብ ገዥ ተዘጋጅቶ ነበር።

አምባው በተያዘበት ዕለት ሆምስ አንድ ወታደር የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ ተሸክሞ ሲሄድ አገኘ። ዘውዱ የአቡኑ ነው ተባለ፤ ጽዋው ከጠጣር ወርቅ የተሠራ ከባድ ዕቃ ነበር። ሁለቱንም በ4 ፓውንድ ገዛቸው። ኵርዓተ ርእሱንም ያገኘው ሆምስ ነው፤ ይህን ግን ለሙዚየሙ አላስረከበም፣ ለራሱ አስቀረው።

ሚያዝያ 10 ቀን መቅደላ ከነቤተ ክርስቲያኑ ተቃጠለ። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ተወሰደ። እዚያ ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን ጨረታ ተደረገ። በእንግሊዝ ጦር ልማድ የተማረከ ንብረት ለአንድ ወታደር አይቀርም፤ ተሰብስቦ ይሸጥና ገንዘቡ በማዕረግ መጠን ይከፋፈላል። ጨረታው 5,000 ፓውንድ ያህል አስገኘ፤ ለአንድ ተራ ወታደር አራት ብር ገደማ ደረሰው።

በጨረታው ዋናው ገዥ ሆምስ ነበር። መኮንኖችም ገዝተዋል፤ ነገር ግን አንድ መኮንን በኪሱ ካለው ገንዘብ በላይ መጫረት አይችልም። ሆምስ የተቋም ገንዘብ ይዞ ነበር። ተራ ወታደር የግዕዝ ብራና ወይም የቅዳሴ ጽዋ ምን ያደርግለታል? ዋጋ የሰጠው የገዥው መኖር ነው። ከ70 ዓመት በኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የናዚ ጀርመን ባንክና ዴጉሳ የተባለው የብረታ ብረት ኩባንያ ከተዘረፉ ሰዎች የመጣን ወርቅ ተቀብለው እያቀለጡ ንጹሕ ወርቅ አድርገው ወደ ገበያ አስገብተዋል። የመቅደላው መንገድ የዚህ ግልባጭ ነው፤ ዕቃው የተፈለገው ከነቅርጹ ስለሆነ ዘውዱ አልቀለጠም፣ ዛሬም ማን እንዳሠራው ማወቅ ይቻላል። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ግን ዘራፊው ወታደር ብቻውን ያልነበረ መሆኑ ነው፤ ከኋላው መዝገብ የሚይዝ፣ ደረሰኝ የሚቆርጥ ድርጅት ቆሟል።

350 ያህል ብራናዎች ለብሪታኒያ ሙዚየም ገቡ፤ ዛሬ የሚገኙት በብሪታኒያ ቤተ መጻሕፍት ነው። ምርጥ ምርጦቹ ለንግሥቲቱ ወደ ዊንዘር ቤተ መንግሥት ተላኩ። ሆምስ ራሱም ጥቂት ቆይቶ የዊንዘር ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ ተሾመ።

ከንጉሡ ቤተሰብ እቴጌ ጥሩወርቅ ከአገር ሳይወጡ በመንገድ ሞቱ። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ እንግሊዝ አገር ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ ሞተና በዊንዘር ተቀበረ።

የወርቁ ክርክር

የዘውዱና የጽዋው ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1871 በእንግሊዝ ፓርላማ ተነሣ። ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስቶን ዕቃዎቹ መጀመሪያውኑ ከኢትዮጵያ መውሰዳቸው እንዳሳዘናቸው ገልጸው፣ እስኪመለሱ ድረስ በአደራ ብቻ ሊያዙ ይገባል የሚል አቋም ያዙ። በሚቀጥለው ዓመት ዕቃዎቹ በአደራ ስም ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት ተብሎ ወደሚጠራው ሙዚየም ገቡ። አደራው እስካሁን አላበቃም።

እ.ኤ.አ. በ1872 ዓፄ ዮሐንስ አራተኛ ለንግሥት ቪክቶሪያና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሎርድ ግራንቪል ጽፈው ሁለት ነገር ጠየቁ፤ ክብረ ነገሥትና ኵርዓተ ርእሱ። ሙዚየሙ ሁለት የክብረ ነገሥት ቅጂ ስለነበረው አንዱን መለሰ። ሥዕሉ ግን አልተገኘም ተባለ፤ በሆምስ ቤት እንዳለ የተናገረ አልነበረም። ሥዕሉ በሕዝብ ዘንድ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1905 በአንድ የሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ ሲወጣ ነው። ሆምስ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1917 ክሪስቲስ በተባለው የለንደን ጨረታ ቤት ተሸጠ፤ በ1950 እንደገና ተሸጦ ወደ ፖርቱጋል ሄደ። በወርቅ የተቤዠ ሥዕል ሁለት ጊዜ በጨረታ መዶሻ አለፈ ማለት ነው።

ዓፄ ዮሐንስም የጎንደርን ሀብት ከሌላ ዝርፊያ ማዳን አልቻሉም። የማህዲስቱ አዛዥ አቡ አንጃ በጥር 1880 ዓ.ም. ከመተማ በኩል ወጥቶ ጎንደርን ሲያቃጥል ከቴዎድሮስ የተረፈውም ሄደ። ንጉሡ በሚቀጥለው ዓመት መተማ ላይ ከማህዲስቶች ጋር ሲዋጉ ቆስለው አረፉ።

ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 እንግሊዝን ከጎበኙ በኋላ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ አንድ ዘውድ ለንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ መለሱ። በሙዚየሙ ከመቅደላ የመጡ ሁለት ዘውዶች ነበሩ፤ አንዱ ወርቅ፣ አንዱ በወርቅ የተለበጠ ብር። የተመለሰው ብሩ ነው። ንግሥት ኤልሳቤጥ ሁለተኛ እ.ኤ.አ. በ1965 ኢትዮጵያን ሲጎበኙ የቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም ይዘው መጡ።

ሙዚየሞቹ ለምን አይመልሱም ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሕግ ነው። የብሪታኒያ ሙዚየም ባለቤትነቱ በሕግ ሰውነት ባለው የአስተዳዳሪዎች ጉባኤ እጅ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የሙዚየሙ አዋጅ ከጥቂት ሁኔታ በቀር ከስብስቡ ዕቃ እንዳይወጣ ይከለክላል። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየምን የሚገዛው የ1983ቱ የቅርስ አዋጅም ተመሳሳይ ነው። ሕጎቹ ከዘመቻው በኋላ ወደ መቶ ዓመት ገደማና ከዚያም በላይ ቆይተው የወጡ በመሆናቸው፣ ምክንያቱ ከዝርፊያው ጋር አብሮ የመጣ አይደለም፤ ፓርላማው ያሠረውን ራሱ ሊፈታው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ሪቻርድ ፓንክረስትና ሌሎች አፍሮሜት የተባለውን የመቅደላ ቅርሶች አስመላሽ ማኅበር አቋቋሙ። የኢትዮጵያ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2007 በይፋ ጥያቄ አቀረበ። ዘመቻው 150 ዓመት በሞላው ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የመቅደላ ዕቃዎችን ለብቻቸው አሳየ፤ ዳይሬክተሩ ትሪስትራም ሀንት በረጅም ጊዜ ውሰት ወደ ኢትዮጵያ ሊላኩ እንደሚችሉ ሐሳብ አቀረቡ። ለባለቤቱ የራሱን ዕቃ ማዋስ የሚለው ሐሳብ በአዲስ አበባ ብዙ ደጋፊ አላገኘም። በብሪታኒያ ሙዚየም የሚገኙት 11 ጽላት ግን ከቶ አይታዩም፤ ለሕዝብ ሳይገለጡ በተዘጋ ክፍል ተቀምጠዋል።

ከግለሰቦች እጅ ያሉት ዕቃዎች ዛሬም ወደ ጨረታ ቤቶች ይመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 በዶርሴት የሚገኝ አንድ የጨረታ ቤት ከመቅደላ የተወሰደ የብራና መጽሐፍና ዋንጫዎች ለሽያጭ ሲያቀርብ የኢትዮጵያ ኤምባሲ በመጠየቁ ሽያጩ ቀረ፤ ዕቃዎቹን ሼህራዛድ ፋውንዴሽን ገዝቶ ከሌሎች ጋር መለሳቸው። እ.ኤ.አ. በ2024ም በኒውካስል ሊሸጥ የነበረ ጋሻ በተመሳሳይ ሁኔታ ከጨረታ ወጥቷል። ለሻጩ ቤት መቅደላ የሚለው ስም ዋጋ ከፍ የሚያደርግ ምስክር ወረቀት ነበር። አሁን ግን ያው ስም ሽያጩን የሚያስቆም ሆኗል።

መቃብር

ቴዎድሮስ መጀመሪያ የተቀበሩት በመቅደላ መድኃኔ ዓለም ነው። በኋላ አፅማቸው ወደ ትውልድ አገራቸው ተወስዶ በቋራ ቆላ በሚገኘው በማኅበረ ሥላሴ ገዳም አረፈ። በመቅደላ ከራሳቸው ላይ የተቆረጠውን ፀጉር በለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ አስረከበ፤ ሙዚየሙ ፀጉሩን ከአፅማቸው ጋር እንዲያርፍ መመለሱን አስታውቋል። የምንትዋብ የወርቅ ዘውድና ጽዋ በለንደን ናቸው።